«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው»

እናቴ ዘንድ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለች። ክዳኗ ላይ የነበረው ሥዕል ከመከፈትና ከመዘጋት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። ውስጧ ግን ለዓመታት ባዶ ሆና አታውቅም ነበር። ለአባቴ ታዞለት ሦስት ቀን ውጦ ሲሻለው የተወው አሞክሳሲሊን፣ ለእህቴ ልጅ ተገዝቶ የተረፈ ክኒን፣ ስሙ ከተቀደደው እሽግ ጋር የጠፋ ነጭ ፍሬ፣ ቀይና ቢጫው የቴትራሳይክሊን እንክብል ሁሉ እዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ይከማቻል። በሰፈራችን ጉሮሮው የታመመ፣ ሆዱን የቆረጠው፣ እግሩን ሚስማር የወጋው ሰው ከጤና ጣቢያ በፊት የሚመጣው እኛ ቤት ነበር። እናቴም «ቢስሚላህ» ብላ ቆርቆሮዋን ትከፍትና «ይቺን ጠዋት፣ ይቺን ማታ ዋጥ አድርጋት፤ አላህ ያሽርህ» ትለዋለች። ቁስል የሆነ እንደሆነ እንክብሉን ለሁለት ከፍላ ዱቄቱን ትነሰንስበታለች። ገንዘብ ተቀብላ አታውቅም። ሰደቃ ነው ብላ ነበር የምታደርገው። እኔም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ «ተይ» አላልኳትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እርሷ ራሷ ታመመች። ሽንቷን ያቃጥላታል፣ ወገቧን ይወጋታል፣ ማታ ማታ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል። እንደ ልማዷ ከቆርቆሮዋ ጀመረች። አልሻል ሲላት አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሸጠላት፤ እርሱም አልሠራም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ከተለመደው የሽንት ምርመራ ሌላ «ካልቸር» እንዲሠራ አዘዘች፤ ይኸውም በሽንቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገታው መፈተን ነው። በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ተቀበልኩ። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቶቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ፊት አንድ የላቲን ፊደል አለ። «ኤስ» ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፣ «አር» ከሆነ አይሠራም። ዐይኔ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አር፣ አር፣ አር ይላል። አሞክሳሲሊን አር። ሲፕሮፍሎክሳሲን አር። ኤስ የተጻፈላቸው ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም በደም ሥር የሚሰጡ ናቸው።

አሥር ቀን ተኝታ ታከመችና አልሐምዱ ሊላህ ድና ወጣች። ወጪው የእኔን የሁለት ወር ደመወዝ በልቷል። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ትከሻዬን ተደግፋ «አየህ ልጄ፣ እርጅናም መጣ፤ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን አባባል ያልሰማችሁ አትኖሩም። ምናልባትም ራሳችሁ ብላችሁት ይሆናል። እኔም ያን ዕለት ዝም አልኩ። በኋላ ግን ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ነገር ለገዛ እናቴ አለማስረዳቴ ቆረቆረኝ። ከዚህ በታች ያለው ለእርሷ ቀስ በቀስ የነገርኳት ነው።

የለመደው ማን ነው?

ሰውነት የሚለምዳቸው መድኃኒቶች በእርግጥ አሉ። ለብርቱ ሕመም ማስታገሻ የሚሰጡ አንዳንዶቹ እየቆዩ ሲሄዱ መጠናቸው ካልጨመረ እንደ ቀድሞው አያስታግሱም። አንቲባዮቲክ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚያነጣጥረው በሰውነታችን ላይ ሳይሆን በሰውነታችን ውስጥ ባለው ባክቴሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ተለወጠ ከተባለ የተለወጠው ባክቴሪያው ነው። ለዚህም ማስረጃው ገና በተወለዱ ሕፃናት ላይ ይታያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች በተካሄደና በ2021 (እ.ኤ.አ) ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ደማቸው ከተመረዘ ጨቅላዎች በብዛት የተገኘው ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ነበር፤ አብዛኞቹ ሕፃናት የተያዙባቸው ባክቴሪያዎችም በመጀመሪያ የሚሰጠውን የተለመደ መድኃኒት የሚቋቋሙ ሆነው ተገኝተዋል። የሦስት ቀን ልጅ ምን መድኃኒት ወስዶ ነው ሰውነቱ የለመደው? አንድም አልወሰደም። ባክቴሪያው ከሌላ ቦታ ተቋቋሚ ሆኖ መጣበት እንጂ።

ይህን ስነግራት እናቴ «እንግዲያው ባክቴሪያው ነዋ የለመደው» አለች። ይህም ቢሆን ገና ትክክል አይደለም። «መላመድ» ስንል በሐሳባችን የሚመጣው ብርድ እየነካካው ብርድ የለመደ ሰው ነው፤ መድኃኒቱን ቀምሶ፣ ታሞ፣ ተርፎ፣ ከዚያ የበረታ። በጉዳዩ ላይ ሊቃውንቱም ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ክርክሩን ካበቁት ሙከራዎች አንዱ በ1952 (እ.ኤ.አ) በአሜሪካ ባልና ሚስት የሆኑት ጆሹዋና ኤስተር ሌደርበርግ ያቀረቡት ነው፤ መሣሪያውም ቁራጭ የከፋይ ጨርቅ ነበር።

ሙከራው እንዲህ ነው። መድኃኒት ፈጽሞ በሌለበት ሳህን ላይ ባክቴሪያዎች እንዲያድጉ ይደረጋል። ከዚያ ንጹሕ የከፋይ ጨርቅ በሳህኑ ላይ ተጫን ይደረግና ልክ እንደ ማኅተም መድኃኒት ባለባቸው ሌሎች ሳህኖች ላይ በተራ ይታተማል። የከፋዩ ጠጉር ከእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ባክቴሪያ ይዞ ስለሚሄድ ሁሉም ሳህኖች አንድ ዓይነት ቅጅ ይደርሳቸዋል። በማግስቱ መድኃኒት ባለባቸው ሳህኖች ላይ አብዛኛው ሞቶ ጥቂቶቹ ብቻ በቅለው ይገኛሉ፤ በቅለው የሚገኙትም በየሳህኑ በአንድ ቦታ ላይ ነው። ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመልሰው በዚያው ቦታ ያሉትን ቢፈትኑ እነርሱም መድኃኒቱን ይቋቋማሉ፤ መድኃኒቱን ግን በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም!

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ተቋቋሚውን አልፈጠረውም፤ አላስተማረውምም። ተቋቋሚው ቀድሞም በብዙኀኑ መካከል ነበር። መድኃኒቱ ያደረገው ጎረቤቶቹን ጠርጎ ቤቱንና ምግቡን ለእርሱ ብቻ መተው ነው። አንቲባዮቲክ ወንፊት ነው ብንል ይቀርባል።

ከመግሪብ እስከ ሱብሕ

«ታዲያ ያ አንዱ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ልጅ ሳለሁ መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን በሎሃችን ላይ የጻፉልንን እኛ ከሥሩ እንገለብጥ ነበር። ከሃያ ልጅ አንዱ ነጥብ ሳያደርግ ያልፋል፣ ሌላው አንድ ፊደል ይደግማል። ኡስታዛችን በየሎሃችን እየዞሩ ያርሙናል። ባክቴሪያም ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ውስጡ ያለውን የዘር ጽሑፍ ይገለብጣል። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ጽሑፉ 4.6 ሚሊዮን ያህል «ፊደላት» አሉት። እርሱም የራሱ አራሚ ኤንዛይም አለው፤ በጣም ጠንቃቃ ነው። ይሁን እንጂ በግምት ከሺህ ግልበጣ በአንዱ አንዲት ስሕተት ታመልጠዋለች። አብዛኛው ስሕተት ምንም አይጠቅምም፤ አንዳንዱም ባለቤቱን ይገድላል። አልፎ አልፎ ግን አንዲት የተሳሳተች ፊደል መድኃኒቱ የሚይዘውን እጀታ ቅርጹን ትለውጠዋለች።

ከሺህ አንድ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ ሒሳቡን እንሥራው። ኢ. ኮላይ ሙቀትና ምግብ በተሟላለት ጊዜ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። በመግሪብ አዛን ላይ አንድ ብቻ የነበረ ባክቴሪያ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሱብሕ ሳይደርስ ሠላሳ ጊዜ ተከፍሎ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። (ይህ በላቦራቶሪ ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ፍጥነቱ ያንሳል።) በዚህ ሁሉ ግልበጣ መካከል አንድ ሚሊዮን ያህል ስሕተቶች ተፈጽመዋል ማለት ነው። የታመመ ሰው የሚሸከመው ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን የበለጠ ሊሆን ይችላል።

ይህን በዐይን የሚያሳይ ሙከራ በ2016 (እ.ኤ.አ) በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሳትመው ነበር። ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሳንቲሜትር የሆነ ትልቅ ሳህን ሠሩ፤ በግምት የአንድ ሰው መስገጃ ያህል ነው። ዳርና ዳሩ ላይ መድኃኒት የለም፤ ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር መጠኑ በየመስመሩ በብዙ እጥፍ እየጨመረ ይሄዳል። ባክቴሪያዎቹን ዳር ላይ ዘሩ። እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ ተስፋፉና ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ ከወሰኑ ላይ አንዲት ነጥብ ታየች፤ ተቋቋሚ ተወልዷል። እርሷም እንደ ማራገቢያ ተዘርግታ ቀጣዩን መስመር ሞላች፤ እንደገና ቆመች፤ እንደገና ሌላ ነጥብ። በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ትራይሜቶፕሪም የተባለውን መድኃኒት ከመነሻው መጠን በሺህ እጥፍ የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች መሐል ላይ ደረሱ። ከዚህ ሙከራ እኔን ያስደነገጠኝ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ያንን ሺህ እጥፍ የሆነውን በአንድ ዝላይ እንዲያልፉ ቢጠየቁ አይችሉም ነበር። ያደረሳቸው ደረጃ በደረጃ መሆኑ ነው፤ ትንሽ መድኃኒት፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር ያለ።

«ይቺን ጠዋት፣ ይቺን ማታ።» የእናቴ ሁለት ፍሬ ያ የመጀመሪያው መስመር ነው።

ብድር የማያውቅ መስጠት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ የተገኘውም በጃፓን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓንን የደም ተቅማጥ ያስቸግራት ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) ሐኪሞቿ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። የተቅማጡ ባክቴሪያ ሺጌላ በአንድ ጊዜ አራት መድኃኒቶችን፣ ማለትም ሰልፋን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ቴትራሳይክሊንን ሲቋቋም ተገኘ። በግልበጣ ስሕተት ብቻ አራት ልዩ ልዩ ነገር በአንድ ጊዜ ማግኘት የማይመስል ነው። በ1959 (እ.ኤ.አ) የጃፓን ተመራማሪዎች ተቋቋሚውን ኢ. ኮላይና ተራውን ሺጌላ አንድ ላይ ሲያሳድጓቸው ችሎታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አዩ፤ አራቱም በአንድነት ተሸጋገሩ።

ዛሬ ፕላዝሚድ የምንለው ይህ ነው። ከዋናው የዘር ጽሑፍ ተለይቶ የተቀመጠ፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ትንሽ ጽሑፍ ሲሆን አንዱ ባክቴሪያ ገልብጦ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። ተቀባዩ የሰጪው ዘመድ መሆን እንኳ አይጠበቅበትም። ሰጪውም ሰጠሁ ብሎ አይጎድልበትም፤ ቅጁ እርሱ ዘንድም ይቀራል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። በአንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ አይጎዱንም፤ እንዲያውም ይጠቅሙናል። ለጉንፋን ብለን አሞክሳሲሊን የዋጥን እንደሆነ ጉንፋኑ ቫይረስ ነውና ከመድኃኒቱ ምንም አይነካውም። የሚነካው ያ ሰላማዊ የአንጀት ሕዝብ ነው። ወንፊቱ በእርሱ ላይ ይነፋል፤ ተቋቋሚዎቹ ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ አንጀታችን የጽሑፍ ግምጃ ቤት ሆኖ ይከርማል፤ ሺጌላ ወይም ሌላ ክፉ እንግዳ ሲመጣ የሚፈልገውን ቀድቶ ይሄዳል።

የሽንት ቧንቧ ሕመምም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከራሳችን አንጀት በወጣ ኢ. ኮላይ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ እናቴ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች። «እንግዲያስ እኔው ያሳደግሁት ነው በለኛ» አለች። «አንቺ ብቻ አይደለሽም እማዬ» አልኳት። እውነትም ነው፤ ባክቴሪያው ያ ሁሉ «አር» የተጻፈበት በእርሷ ብቻ ሳይሆን በውኃውም፣ በምግቡም፣ በእኛም እጅ ተላልፎ ሊሆን ይችላል። የሰጠናቸውም ጎረቤቶች አሉ።

ከቦርኒዮ የመጣው አፈር

«ቀላሉ መድኃኒት ቢያቅተው ኃይለኛውን እንወስዳለን» የሚል ሰው ብዙ ነው። እስቲ የአንዱን ኃይለኛ መድኃኒት ታሪክ እንመልከት።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 (እ.ኤ.አ) ለንደን ውስጥ በሳህን ላይ የበቀለ ሻጋታ ባክቴሪያ ሲያጠፋ አይቶ ፔኒሲሊንን አገኘ። ሰውን ለማከም እስኪበቃ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1941 (እ.ኤ.አ) በኦክስፎርድ ፊቱና ራሱ ክፉኛ ያመረቀዘ አንድ ፖሊስ ተሰጠውና በቀናት ውስጥ ተሻለው። መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለነበር ከሽንቱ እየለዩ መልሰው ይሰጡት ነበር። አለቀባቸው፤ ሕመሙ ተመለሰ፤ ሰውየውም ሞተ። (የቆርቆሮዋን ክምችት ሳስብ ይህ ታሪክ ያሳፍረኛል።) ፍሌሚንግ ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት በተቀበለበት በ1945 (እ.ኤ.አ) ባደረገው ንግግር፣ ፔኒሲሊን ማንም ከሱቅ የሚገዛው በሚሆንበት ጊዜ ሰው ከሚገባው በታች እየወሰደ ባክቴሪያዎችን እንዳያበረታ አስጠንቅቆ ነበር። ምሳሌውም ጉሮሮውን የታመመ ሰው በቂ ሳይወስድ ቀርቶ፣ የተረፈው ባክቴሪያ ወደ ሚስቱ ተሻግሮ እርሷ የምትሞትበት ነው። የእኛን ሰፈር ያየ ይመስላል።

ጊዜ አልፈጀም። 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ) ሳያልቁ በአንድ የለንደን ሆስፒታል ከታመሙት ከሚወሰደው ስታፊሎኮከስ ከግማሽ በላይ የሆነው ፔኒሲሊንን የሚቆራርጥ ኤንዛይም ነበረው። ለዚህ ሲባል ሜቲሲሊን የተባለ አዲስ መድኃኒት ተሠራ፤ አገልግሎት ላይ በዋለ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1961 (እ.ኤ.አ)፣ እርሱንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ በእንግሊዝ ተገኘ። የቀረው ቫንኮማይሲን ነበር።

ቫንኮማይሲን የተገኘው አንድ ሚስዮናዊ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ከቦርኒዮ ደሴት ለአሜሪካው ኢላይ ሊሊ የመድኃኒት ኩባንያ በላከው አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ ሲመረት ቡናማ ቀለም ስለነበረው ሠራተኞቹ «የሚሲሲፒ ጭቃ» ይሉት ነበር ይባላል። በ1958 (እ.ኤ.አ) ተፈቀደ። አሠራሩም ከሌሎቹ የተለየ ነው። ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ የሚገነባው በትንንሽ ጡቦች ነው ብንል፣ የእያንዳንዱ ጡብ ጫፍ በሁለት አላኒን የተባሉ ቅንጣቶች ያልቃል። ቫንኮማይሲን እነዚህን ሁለት ጫፎች እንቅ አድርጎ ይይዛል፤ ጡቡ ከጡብ ጋር መጋጠም ያቅተዋል፤ ግድግዳው ይፈርሳል። የግድግዳውን ጡብ መለወጥ ለባክቴሪያው ከባድ ነውና ተቋቋሚ አይወጣለትም የሚል ተስፋ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህልም ተስፋው እውነት መሰለ።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ግን በአውሮፓ በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢንቴሮኮከስ ቫንኮማይሲንን ሲቋቋም ተገኘ። ያደረገውን ቢነግሯችሁ ትገረማላችሁ። ከሁለቱ አላኒኖች የመጨረሻውን አውጥቶ በምትኩ ላክቴት የተባለ ሌላ ቅንጣት አስገባ። ግድግዳው እንደ ቀድሞው ይቆማል፤ የመድኃኒቱ እጅ ግን የሚጨብጠው ያጣል፤ አያያዙ በሺህ እጥፍ ያህል ይላላል። ይህን ለማድረግ አንዲት የተሳሳተች ፊደል አትበቃም፤ ተባብረው የሚሠሩ በርካታ ጂኖች ያስፈልጋሉ። እነዚህን ጂኖች ኢንቴሮኮከስ ራሱ አልፈለሰፋቸውም። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚያመርቱት የአፈር ባክቴሪያዎች በገዛ መድኃኒታቸው እንዳይሞቱ ከጥንት ጀምሮ ይዘዋቸው ይኖራሉ። በ2011 (እ.ኤ.አ) የታተመ ጥናት በካናዳ ዩኮን ግዛት 30,000 ዓመት በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ቫንኮማይሲንን የሚያስመክቱ ጂኖችን አግኝቷል። ሰው ይህን መድኃኒት ከማወቁ በፊት መመከቻው ተቀምጦ ነበር፤ ከአፈር ወደ ሆስፒታል የሚያመጣው ምክንያት ብቻ ነበር የጎደለው።

ምክንያቱን የሰጠነው እኛ ነን። በአውሮፓ ለዶሮና ለአሳማ እድገት ተብሎ አቮፓርሲን የተባለ የቫንኮማይሲን ዘመድ ከመኖ ጋር ይሰጥ ነበር። ዴንማርክ በ1995፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1997 (እ.ኤ.አ) ከለከሉት። ከዚያ በኋላ በዶሮዎች ላይ ተቋቋሚው በእጅጉ ቀነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ወንፊቱ ሲቀር ብዙኀኑ ተመልሶ ይበዛል፤ ጽሑፉ ግን በጥቂቶች ዘንድ ተቀምጦ ይቆያል ማለት ነው። በእኛም አገር ኦክሲቴትራሳይክሊን ለከብቱም ለዶሮውም በብዛት ይሰጣል፤ ዶሮ የምታረቡ ወገኖች ይህን አስቡበት። በ2002 (እ.ኤ.አ) ደግሞ በአሜሪካ ሚሺገን ግዛት የተፈራው ደረሰ፤ ኢንቴሮኮከስ ያን ጽሑፍ በአንድ ሕመምተኛ ቁስል ላይ ለስታፊሎኮከስ አቀበለው። እንዲህ ዓይነቱ ስታፊሎኮከስ እስካሁን በዓለም ላይ ብርቅ ነው፤ ኢንቴሮኮከሱ ግን ብርቅ አይደለም።

በ2022 (እ.ኤ.አ) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት እንደገመተው በ2019 ብቻ መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

ስለ ቲቢና ስለ ረመዳን

ሁለት ነገሮችን ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ። አንደኛው የመድኃኒቱ ጊዜ ነው። «ቢሻልህም ጨርስ» የሚለው ምክር ለሁሉም ሕመም እኩል አይሠራም። ዛሬ በርካታ ጥናቶች ለአንዳንድ ሕመሞች ከዱሮው ያጠረ ጊዜ በቂ መሆኑን አሳይተዋልና ሐኪም አምስት ቀን ብቻ ቢያዝ አያስገርምም። ማሳጠሩ የሐኪሙ ውሳኔ ነው እንጂ የተሻለው ሰው ስሜት አይደለም። በቲቢ ላይ ግን ቀልድ የለም። ውጤቱ በ1948 (እ.ኤ.አ) በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ስትሬፕቶማይሲን ለቲቢ በተፈተነ ጊዜ ሕመምተኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተሻላቸው፤ ከዚያ በብዙዎቹ ላይ ተቋቋሚው ባክቴሪያ ወጣ። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ሲሰጥ ግን ተቋቋሚው በጣም አነሰ፤ ከአንዱ የሚያመልጠውን ሌላው ይይዘዋልና። የቲቢ ሕመምተኛ በመጀመሪያ አራት ዓይነት መድኃኒት የሚውጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕክምናውም ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይቆያል። «መድኃኒቱ በዛብኝ» ብሎ አንዱን መርጦ የሚተው ሰው ይህን አጥር ራሱ ይከፍተዋል።

ሁለተኛው የረመዳን ጉዳይ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ሦስቱንም በኢፍጣር ላይ አንድ ላይ የሚውጥ ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። ሌላው ደግሞ የቀኑን ትቶ የኢፍጣሩንና የሱሑሩን ብቻ ይወስዳል። በየስምንት ሰዓቱ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከደም ቶሎ ይወጣል፤ በመካከል ባለው ረጅም ክፍተት መጠኑ ወርዶ ባክቴሪያው እንደገና መባዛት ይጀምራል። ስለ ታማሚ ጾም የሸሪዓው ፈቃድ ግልጽ ነው፤ ዝርዝሩን ዑለሞቻችሁን ጠይቁ። ከሐኪም በኩል ግን ጿሚ መሆናችሁን ማዘዣው ሳይጻፍ በፊት ንገሩት። ለብዙ ሕመሞች በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ሊገኝ ይችላል፤ የማይገኝ ከሆነም ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ እናቴ ቆርቆሮዋን አምጥታ ፊቴ ላይ ዘረገፈችው። «ታዲያ ይህን ሁሉ የት ላድርሰው? ሽንት ቤት ልጨምረው?» አለች። አይሆንም፤ ወንዝም ሽንት ቤትም ቢጣል ወንፊቱን ወደዚያ ማዛወር ነው። ሰብስቤ አንድ የማውቀው ፋርማሲስት ዘንድ ወሰድኩት፤ ጊዜው ካለፈበት የራሱ መድኃኒት ጋር እንዲወገድ ተቀበለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ጊዜው ያለፈ እንክብል እንደነበረበት አሳየኝ።

ዛሬ በቆርቆሮዋ ውስጥ ክርና መርፌ፣ የተበጠሰ ተስቢሕና ጥቂት ቁልፎች አሉ። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም። ባለፈው ወር ጎረቤታችን ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ማታ በሩን አንኳኳች። እናቴ የልጁን ግንባር ዳሰሰች፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሒጃቧን አስተካክላ ጫማዋን አጠለቀችና «ነይ ልጄ፣ ሳይመሽብን አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለቻት።